አባቴን ሳያስተኙ ያከሙበት ከተማ

ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጢስ ዓባይ ነው። አላየሁትም። ደሴቶቹ ላይ ያሉትን ገዳማትም አላየሁም። «ታዲያ ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ምን ልታዪ ሄድሽ?» ይሉኛል የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ። እኔ ድሬዳዋ ስልክ ቤት ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ የምውል ሴት ነኝ፤ ወሬ አያልቅብኝም። ግን ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ስጀምር ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ጽፌው ልረፍ አቦ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አቶ ገብረየስ ወጣትነቱን በሙሉ በባቡር ላይ እሳት ሲቆሰቁስ የኖረ ሰው ነው። የዋጠው ጭስ ደረቱን በልቶት፣ ሲተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። በዚህ ላይ ዘንድሮ ፊኛው አፍ ላይ ያለው እጢ አብጦ ሽንቱን ዘጋው። የከተማችን ሐኪም ቱቦ አስገብቶ፣ ቱቦውን ከላስቲክ ከረጢት ጋር አያይዞ ለጊዜው ገላገለው። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «እጢው መውጣት አለበት፤ ግን በኤተር ካስተኛናቸው በዚህ ደረት መንቃታቸውን እንጃ» አለኝ። ባሕር ዳር ግን አብሮት የተማረ ዶክተር አለ፤ ሕመምተኛውን ሳያስተኛ ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዞ ያክማል፤ ደረታቸው የደከመ ሽማግሌዎችን እየተቀበለም ጥናት ያደርጋል። አዲስ አበባ ወረፋው መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ቱቦው ደግሞ ትኩሳት ማምጣት ጀምሯል። ከቀበሌ የመንገድ ፈቃድ አወጣሁ፣ አለቃዬን ለመንኩ፣ አባቴን ይዤ ተነሣሁ።

ቅዳሜ

በሊቶሪና፣ በፈጣኑ ባቡር፣ ወጣን። አባዬ ጡረተኛ ባቡረኛ ስለሆነ ቲኬት ቆራጩ መስኮት አጠገብ አስቀመጠው፤ እኔም በእሱ ስም እግሬን ዘርግቼ ተጓዝኩ። እስከ ናዝሬት ድረስ የራሳችን ሙቀት አልለቀቀንም። አዲስ አበባ ስንገባ ግን ብርዱ ደረቱን ያዘውና ሳል ጀመረው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያደርንበት ሆቴል ትኋኑ ለጉድ ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመንገድ ፈቃድ አውጥቶ የተሰበሰበ ይመስላል። አባዬ ሲስል እኔ ሳክ ነጋ።

እሑድ

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናችን ነጭ ቆብ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ ተቀመጡ። ሐጂ ይማም ይባላሉ፤ ባሕር ዳር ጨርቅና ጨው ይነግዳሉ፤ መርካቶ ዕቃ ገዝተው መመለሳቸው ነው። ከአባቴ በዕድሜ ትንሽ ይበልጣሉ። ገና ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ የአባቴን ሕመም፣ የእኔን ሥራ፣ ለምን ሁለተኛ እንዳላገባሁ ሁሉ አውቀው ጨረሱ። እኔ ጠያቂ ነኝ ብዬ ስመካ ነበር፤ ከሳቸው ጋር ሲተያይ ገና ዳዴ ላይ ነኝ።

ዓባይ ድልድይ ኬላው ላይ «ሁላችሁም ውረዱ!» ተባለ። አንድ ልጅ እግር ወታደር በአባቴ ጋቢ ሥር እብጥ ያለ ነገር አየ።

«አባት፣ ምንድን ነው የደበቁት?»

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። ይሉኝታ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሽንት ከረጢት ነው ከሚል ቢታሰር ይመርጣል።

«ያውጡት እኮ ነው የምልዎ!» ወታደሩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እኔ አፌን ስከፍት ሐጂ ቀደሙኝ። ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ ብለው ሁለት ቃል አንሾካሾኩ። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ጠመንጃውን መልሶ አነገተና የአባቴን ክንድ ይዞ ድልድዩን በእግሩ አሻገረው። «የእኔም አባት እንዲሁ ያማቸዋል» አለኝ ሲመለስ፣ ዓይኔን ሳያየኝ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ጋ ሰው በረንዳ ላይ በሚተኛበት ወር እዚያ ብርድ ልብስ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ሆቴሉ ውስጥ የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም ለሐጂ የተያዘ። ቁልፉን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጡና «እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር አድራለሁ፤ የለመድሁት ነው» ብለው ሄዱ። ልከራከር ብሞክር ጆሮም አልሰጡኝ።

ሰኞ

መራዊ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ደረስን ስንል መሸንቲ ላይ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ተንፍሶ ተገኘ። ሹፌሩ ሁለቱን ጎማዎች እያፈራረቀ ያያል፤ አባቴ ደግሞ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያፏጫል። ሐጂ መሀል መንገድ ገብተው እህል የጫነ መኪና አስቆሙ፤ ሹፌሩ ያውቃቸዋል። አባዬን ጋቢና አስገቡልኝና እኔና እሳቸው ኋላ ጆንያው ላይ ወጣን።

«ልጄ፣ እኔ ሐጂ ተብዬ እንዲህ ሆኜ ከተማ ስገባ ደንበኞቼ አዩኝ እኮ!» እያሉ ይስቃሉ። አቧራው ቆባቸውን ቡናማ አድርጎታል።

«ሆቴል የት ይሻለናል?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቃቸው ቆመ። «ሆቴል? ምን በደልሁሽ?» አሉኝ። እውነትም የተቀየሙ መሰሉ።

ቤታቸው ሹም አቦ ሰፈር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሶፍያ ለእንግዳ ያቀረቡት ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ ዓሣ ነበር፤ ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ እስላም፤ በሥጋ ማዕድ አንገናኝም። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ዶሮ ያርዳል። እዚህ ግን ሐይቁ ገላግሏቸዋል። «ዓሣ ማን ባረከው አይባልም፤ ይብሉ» አሉት ወይዘሮ ሶፍያ አባቴን። አባዬ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ከእኛው ሰፋ ያለ አይደለም፤ ግን ጸጥ ይላል። የእኛን ሆስፒታል ሲያዩት ገበያ ነው። የተላክንለት ዶክተር ታደለ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። የአባቴን ደረት ከፊት ከኋላ ሲያዳምጥ ቆየና ማደንዘዣ የምትሰጠውን ሲስተር ዘውዲቱን ጠራት። ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት።

«አባቴ፣ ወገብዎ ላይ በቀጭን መርፌ ትንሽ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ» አለችው። «እግርዎ ይተኛል፤ እርስዎ አይተኙም። እኔና እርስዎ ስናወጋ ያልቃል።»

«ቢላዋው ሲገባ እያየሁ?» አለ አባዬ።

«መጋረጃ አለ። የሚያዩት እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ አላስጠላም!»

አባቴ ሳቀ። እኔን ደግሞ ወደ ጎን ወስዳ፣ ማውራቱ ለጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። የደም ግፊቱን በየጊዜው ትለካለች፤ በመሀል ግን የምትጠብቀው በጆሮዋ ነው። ግፊት ሲወርድ ድምፅ ይሳሳል፤ ቃሉም ይጎተታል። ይሄን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እኔ መስመር ሲሳሳ ሰምቼ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ።

ዶክተሩ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዳውቅ ፈለገ። አልደበቀኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

«ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም በሰላም ይወርዳሉ። ችግራችን ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። «እግራቸው ገና ሳይፈታ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዶቹ በድንገት ግፊታቸው ይወርዳል። አንድ አባት በዚሁ ሞተው አምልጠውናል። መድኃኒቱን ቀንሰን አየን፤ ግሉኮሱን ጨምረን አየን። ራሳቸውን ከፍራሹ እንዳያነሡ አጥብቀን እንነግራቸዋለን። ተነሥተው ነበር ወይ ብለን ስንጠይቅ ሁሉም አልተነሣንም ይላሉ። ለዚህ ነው ጥናቱን የያዝነው። አባትሽም ገብተውበት እንከታተላቸው ወይ?»

ፈቃዱ የአባቴ ነው ብዬ ወደ እሱ መራሁት። አባዬ ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች አየውና «ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ከጠቀመ ተከታተሉኝ» አለ።

ረቡዕ

ሲስተር ዘውዲቱ አባቴን አልጋ አስይዛ ስትመረምረው ዋለች፤ «አንቺ ሂጂና ሐይቁን እዪ» ብላ አባረረችኝ። ሄድኩ። መንገዱ በዘንባባ ተሰልፎ፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል፤ እንደ እኛው ሜዳ ነዋ! ሐይቁን ሳይ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእኛ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ውኃ የሚመጣበት ሰውና ቤት ሊወስድ ሲፈልግ ብቻ ነው። እዚህ ማለቂያ የሌለው ውኃ ማንንም ሳይነካ ተኝቷል። ሰዎች በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ይቀዝፋሉ፤ ታንኳው ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው፣ እነሱ ግን ያወጋሉ።

እዚያ ቆሜ ፈራሁ። ያን መንገድ፣ ያን ድልድይ፣ ያን ሁሉ ጣቢያ ሬሳ ይዤ ስመለስ ታየኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቀረኝ ወላጅ እሱ ብቻ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ለወንድሞቼ እነግራለሁ? ደንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አይተውኝ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ አንዷ መጥታ በእርጥብ እጇ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

ሐሙስ

ጠዋት አስገቡት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሲስተር ዘውዲቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ቀጥሎስ የቱ ጣቢያ ነው?» ትላለች። አባቴ ይመልሳል፤ «ሁርሶ... ኤረር... አፍደም...» ባቡሩን ከድሬዳዋ አስነሥታዋለች! በሩ በተከፈተ ቁጥር የት እንደደረሰ እሰማለሁ። ሞጆ ሲል ድምፁ እንደ ጠዋቱ ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ፣ ባቡሩን እንደገና ከድሬዳዋ አስነሥቶ አዋሽ ሲደርስ ዶክተሩ ወጣ። «እጢው ወጥቷል፤ አባትሽ ሲቀልዱብን ነበር» አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

የተኛበት ክፍል ስድስት አልጋዎች አሉት፤ ሁሉም በሲስተሯ ጠረጴዛ ዙሪያ ናቸው። እኛ ጋ ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው የትም ተወርውሮ አስታማሚው ነው የሚጠብቀው። አባዬ ያለ ትራስ ተጋድሟል። እግሩን ስነካው የእሱ አይመስለውም። «የማን ነው?» ይለኛል እየሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ሐጂ ይማም ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ክፍሉ ሁሉ «ኖር!» አለ። እኔ ወንበር ላመጣላቸው ዘወር አልኩ፤ ሲስተሯም ከጠረጴዛዋ ብድግ አለች። ሐጂም «በአላህ! በአላህ!» ይላሉ። ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

«እንዴት ዋሉ፣ አቶ ገብረየስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቁስሉስ?»

«ይመስገን...»

«እግርዎስ?»

«ይመስ...»

ድምፁ ከጎዴ እንደሚመጣ የስልክ መስመር ሳሳብኝ። እኔና ሲስተር ዘውዲቱ እኩል ዞርን። አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ይወርዳል። የሐጂን እጅ አልለቀቀም።

«አስተኙት!» ብላ ጮኸች። በጀርባው አጋደመችው። «እግሩን ወደ ላይ! ከፍ አድርጉ!» ሐጂ ከዘራቸውን ጥለው የአባቴን ሁለት እግሮች ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እሷ በግሉኮሱ ቱቦ መርፌ ሰጠችው፤ ኦክስጅኑን ከፍታ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አደረገች። ዶክተር ታደለ እየሮጠ ገባ። እኔ «አባዬ! አባዬ ተናገር! ከአዋሽ ቀጥሎ የቱ ነው?» እላለሁ። አይመልስም። አቤት ያቺ ሰዓት! ሐጂ እግሩን ተሸክመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ማርያምን እጠራለሁ፤ ሲስተሯ ግፊቱን ደጋግማ ትለካለች። በኋላ ከጭምብሉ ሥር እንደ መጎርነን ያለ ድምፅ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሰማሁ።

«መተሐራ» አለ።

ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ዘውዲቱ ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ትጠርጋለች።

«አባቴ፣ ተነሥተው ነበር?»

«ኧረ አልተነሣሁም፣ ዶክተር» አለ አባዬ። «አትነሣ ብለውኝ እንዴት እነሣለሁ?»

«ተቀምጠው አገኘንዎት እኮ።»

«ሐጂን ተቀበልኩ እንጂ መቼ ተነሣሁ?»

ዶክተሩ ብድግ አለና ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ። ጥያቄውን ለወጠው። «ትናንት ጠያቂ መጥቶልዎት ነበር? ምን አድርገው ተቀበሉት?»

«እንዴታ! ቀና ብዬ ነዋ» አሉ ሰውየው። «ባለጌ ነኝ እንዴ ተጋድሜ ሰው የምቀበል?»

ሦስተኛው አልጋም እንዲሁ አሉ። አራተኛውም። ሲስተር ዘውዲቱ ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ አለች። «ያመለጡን አባት» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን የነፍስ አባታቸው መጥተው ነበር። እኔ ራሴ ተነሥቼ መስቀል ተሳለምኩ።»

ዶክተሩ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ። «እኔስ ስገባ?» አለ ለሁሉም።

«ኧረ ዶክተር፣ ለርስዎማ!» አሉ የጥጉ ሽማግሌ፣ ተሳልቀውም አይደለም። «ለሐኪም የማይነሣ ማን አለ?»

ያ ልጅ ሐኪም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወራት ሙሉ ከመድኃኒት ጋር ሲታገል ኖሮ፣ ነገሩን በየቀኑ ራሱ ይዞት ሲገባ ነበር። እሱም እዚሁ አገር ያደገ ልጅ ነው፤ ሰው ሲነሣለት መነሣቱን መች ያየዋል? ሌላ ቢሆን ያስተባብላል። እሱ ግን እዚያው በሁላችን ፊት «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የምንጠይቀውን አላወቅንም» አለ። እንዲህ ያለ ሐኪም በዕድሜዬ አላየሁም።

ሐጂ ይህን ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ሰሙ። ሲወጡ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። «እኔ ነበርሁ እኮ ልገድላቸው የነበርሁት፣ ልጄ» አሉኝ። አይደለም ብላቸው አልሰሙኝም። በበሩ ሲወጡ ትከሻቸው ወርዶ ነበር።

ዓርብ

አባዬ በሰላም አደረ። እስከ ቀትር ግን ራሱን ቅንጣት እንዳያነሣ ዶክተሩ አጥብቆ አዝዞታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን በፊኖል አጥባው ገና አልደረቀም።

ቀና ስል ሐጂ ይማም በሩ ላይ ቆመዋል። ለጁምዓ ለብሰዋል፤ ከቆባቸው እስከ እግራቸው ነጭ በነጭ። ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ አልገቡም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ በሩን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ በእጃቸውና በጉልበታቸው በዚያ እርጥብ ወለል ላይ እየዳሁ ገቡ። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ። ከተማ የሚያውቃቸው ነጋዴ ናቸው፣ ሐጂ ናቸው፣ ጉልበታቸው የሽማግሌ ጉልበት ነው። አልጋው ሥር ሲደርሱ ነጩ ልብሳቸው እስከ ጉልበት ጠቁሯል።

አባዬ ያያቸው ፊታቸው ከፍራሹ ጎን ብቅ ሲል ነው። ክርኑ ተንቀሳቀሰ። ሐጂ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ከእርስዎ በታች ነኝ» አሉት። «ለማን ይነሣሉ?»

አባቴ ክርኑን መለሰ። ለእሱ ቢላዋው ቀላል ነበር፤ ይሄ ነው የከበደው። እንባው በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮው ወረደ፤ አልጠረገውም።

«እግሬ መጣልኝ፣ ሐጂ» አለ። ብርድ ልብሱ ሥር ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ እስከ ጥጉ አልጋ ተሰማ።

ይህን ጊዜ ዶክተር ታደለ ለጠዋቱ ጉብኝት መጣ። ሲስተር ዘውዲቱ ከኋላው አለች። ደፉ ላይ ቆሞ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየ፤ የጠቆረውን ልብስ አየ። የነጭ ካፖርቱን ጫፍ ሰበሰበና ቁጢጥ አለ፤ እንደዚያው ቁጢጥ እንዳለ እየተራመደ ገባ። ሲስተሯም ጉልበቷን ይዛ፣ ሳቋን እያፈነች ተከተለችው።

«እንዴት አደራችሁ?» አለ ዶክተሩ ከታች ሆኖ።

ከስድስቱም አልጋ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ መጣ። ማንም አልተነሣም።